የሁለት ወንድማማች አንድ ትከሻ

ፎቶ አንሺዋን በስሟ የሚጠራት ጥቂት ሰው ነው፤ በቅጽል ስሟ የማያውቃት ግን የለም። እማማ ድርብርብ ይሏታል። ፊት ለፊት አይሏትም፤ የሞከረ ሁሉ ምላሷን ቀምሶ ሄዷል። ስሙ የወጣላት ከአንድ ሰርግ በኋላ ነው። በአሮጌው ተጣጣፊ ካሜራዋ ያነሳችው ሙሽራ፣ ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ትከሻው ላይ የአማቱ ፊት በቅሎ ተገኘ። አማቱ ለብቻቸው የተነሱት ከእሱ ቀጥለው ነበር፤ ፊልሙ በቅጡ ሳይጠነጠን ቀርቶ ሁለተኛው ፎቶ በመጀመሪያው ጫፍ ላይ አረፈ። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ሙሽራው ብቻ አልሳቀም፤ አማት ተሸክሞ መኖር ምን እንደሚመስል በጠዋቱ አይቶታል።

ከዚያ ወዲህ ወንበሯ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ከፈገግታው በፊት ጥያቄ ያስቀድማል። «አጠንጥነዋል?» ይላታል ደንበኛው። «አክስቴ፣ አጠንጥነሻል?» ይላታል የእህት ልጅ። ታላቅ እህቷማ በር ላይ ስታገኛት እንኳ ከእንዴት አደርሽ ይልቅ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ አጠንጥነሻል?» ትላታለች። አንቺ ልጅ የምትባለዋ ፀጉሯ ጥጥ ከመሰለ ቆይቷል።

እሷ ግን ጥፋቱን አንድም ቀን ተቀብላ አታውቅም። ጥፋቱ የፊልሙ ነው። የእሷ ካሜራ የሚበላው ሰፊውን ፊልም ነው፣ ጀርባው ላይ ወረቀት ያለውን። ወረቀቱ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ በካሜራው ጀርባ ደግሞ ጥፍር የምታህል ቀይ መስኮት አለች። ማዞሪያውን ስታዞሪው ፊልሙ ከአንዱ እንዝርት ወደ ሌላው ይጠቀለላል፤ ቁጥሩ መስኮቷ ላይ ብቅ ሲል ታቆሚያለሽ፣ ታነሺያለሽ፣ በቃ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንኳ ቁጥር ታውቃለች። ያን ሰሞን የመጣው ፊልም ግን ቁጥሩ እንደ ድመት ጢም የቀጠነ፣ የገረጣ ነበር። እንኳን በዚያች ቀይ መስኮት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ቢያወጡትም አይታይ።

ታዲያ ቁጭ ብላ አለቀሰች? አላለቀሰችም። መስኮቷን በጥቁር ፕላስተር ለጠፈቻት። «አንቺ ካላሳየሽኝ እኔም አላይሽም» አለቻት። ከዚያ ፊልሙ የወጣለትን ባዶ የጀርባ ወረቀት አንስታ፣ የካሜራውን ሆድ ከፍታ ወረቀቱን ብቻ አጎረሰችው። እያዞረች እያንዳንዱ ፎቶ የሚያርፍበትን ጫፍ በእርሳስ አሰመረች። ነገሩ ያኔ ገባት። እንዝርቱ ባዶውን ሲሆን ቀጭን ነው፤ ብዙ ማዞር ይፈልጋል። እየጠቀለለ በሄደ ቁጥር ይወፍራል፣ ያኔ ትንሽ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ልክ እስከ መጨረሻ ብታዞሪ ፊልሙን በከንቱ ታባክኚዋለሽ፤ በመጨረሻው ልክ ብትጀምሪ አማት አማች ላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ ለጣቷ አስተማረችው። አሁን ስታዞር ዓይኗ ከደንበኛው ጋር ይጣላል፣ ጣቷ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ ሰርግ ወዲህ አንድም ፎቶ አልተደራረበባትም። ግን ማን ይሰማታል? ስም እንደ ቂጣ አይገለበጥም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ታላቅ እህቷ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ትልቁ አናጢ ነው፣ ትንሹ ሾፌር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ እነዚህ ግን ዥንጉርጉር እንኳ አይደሉም፣ በግትርነት አንድ ናቸው። በአንድ ግቢ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይኖራሉ፤ እናታቸው መሀል ካለችው ክፍል። አናጢው የመኪናው ጭስ እንጨቴን አጠቆረው ብሎ በግቢው መሀል ወገብ የሚደርስ ግንብ ሠራ። ሾፌሩ «ማየት ካልፈለግህ ጨርሰህ አትየኝ» ብሎ አንድ ረድፍ ብሎኬት ደረበበት። አናጢው ለመበለጥ አልተፈጠረም፣ ሌላ ረድፍ ጨመረ። እንዲህ እየተባባሉ ግንቡ ከሰው ቁመት አለፈና ጫፉ የእናታቸው መስኮት ፊት ተገተረ። ክፍሏ በቀትር መሸባት።

የእናትየዋን ዓይን ደግሞ ሞራ እየሸፈነው ነው። ሐኪሙ አይቶ «ቀዶ ሕክምናውን ልብዎ አይችለውም፤ የቀረዎትን ብርሃን ይጠቀሙበት» ብሎ መለሳት።

«የምጠቀምበትንማ አውቃለሁ» አለች ቤቷ ገብታ። «ሁለቱን ልጆቼን በአንድ ፎቶ ላይ አያቸዋለሁ። ትከሻ ለትከሻ። ከዚያ ወዲያ ጨለማውም ይምጣ፣ ምን አባቱ!»

አናጢው «ከእሱ ጎን ከምቀመጥ መጋዝ ጥርስ ላይ ብቀመጥ ይሻለኛል» አለ። ሾፌሩም «ያ ሰውዬ ባለበት ክፍል እግሬን አላስገባም» አለ። ድሮ ጋሼ ነበር የሚለው።

የአናጢው ሚስት ገላጋይ ሆና መጣች። «ምን ያስጨንቃል እማዬ? ማዶ ያለው የኮምፒዩተር ፎቶ ቤት የሁለቱንም ፎቶ ቆራርጦ ያጣብቅልዎታል። ሻይዎ ሳይበርድ ያደርስልዎታል።»

«ቆርጬ የለጠፍኳቸው መሰለሽ?» አለቻት አማቷ። «ወልጄያቸው ነው! ከአንድ ሆድ ወጥተው በመቀስ ሊገናኙልኝ? አንድ ነገር ላይ አብረው ካልተቀመጡ አላየኋቸውም።»

ፎቶ አንሺዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። «ለእኔ ተዪው እትዬ» አለች።

«አንቺማ ሂጂ፣ ታደራርቢያቸዋለሽ!»

ምራቷ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። ፎቶ አንሺዋ ግን እንደ ወትሮው አልተቆጣችም። እህቷን ትክ ብላ አየቻት።

«አዎ» አለች። «አደራርባቸዋለሁ።»

ቤቷ ገብታ ያንን በእርሳስ የተሰመረ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። ሰፈሩ የሳቀባትን ጥፋት አሁን ሆን ብላ ልትሠራው ነው፤ አውቆ ማጥፋት ደግሞ ሳያውቁ ከማጥፋት ይከብዳል። አንዱን ልጅ በፎቶው ጫፍ ታስቀምጠዋለች፤ ፊልሙን ሙሉውን ሳታዞር አንድ ጣት ያህል ታስቀርና ሌላውን በተቃራኒው ጫፍ ታስቀምጠዋለች። ከኋላቸው ጥቁር ጨርቅ። ጥቁር ጨርቅ ብርሃን ስለማይመልስ ፊልሙ እዚያ ላይ እንዳልተነካ ይቆያል። የምታስቀረውን ትንሽ ካበዛች የአንዱ ጆሮ የሌላው ጉንጭ ውስጥ ይገባል፤ ካሳነሰች በመሀላቸው ባዶ ድንበር ይቀራል። ድንበርማ ሞልቷቸዋል።

ፊልም የቀራት አንድ ጥቅል ነው። የሚያመጣው ነጋዴ ሱቁን ዘግቷል።

መጀመሪያ የመጣው ሾፌሩ ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ።

«አክስቴ፣ ብቻዬን ነኝ አይደል?»

«ከእኔና ከአንተ ሌላ ማን ይታይሃል?»

«እንጃ፣ አንቺን ማመን…» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ለምን ጥግ ላይ ወተፍሽኝ? መሀሉ ባዶ ነው እኮ።»

«መሀል መሀል ስትል ነው ጠብ የሚነሳው። ወደ መስኮቱ ጠጋ በል። አገጭህን አንሳ። እናትህ ናት የምታይህ፣ ትራፊክ ፖሊስ አይደለም፣ ፊትህን ፍታው።»

«አጠንጥነሻል?»

«ዝም በል!» ካሜራው ጠቅ አለ። ሾፌሩ ተነስቶ፣ «ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ» ብሎ ወጣ።

እሷም ጣቷን ማዞሪያው ላይ አሳርፋ አዞረች፤ ሙሉ ከመሆኑ በፊት ቀጥ አድርጋ አቆመች። ልክ ነበር። ጣቷ ልክ መሆኑን ነገራት። ወንበሩን ከመስኮቱ ወደ በሩ በኩል አዛወረችና አናጢውን ጠበቀች።

አናጢው መጣ፣ የእንጨት ብናኙን ከላዩ ሳያራግፍ። ባዶ እጁን መቀመጥ የማይችል ሰው ነው፤ በር ካገኘ ማጠፊያውን፣ ወንበር ካገኘ እግሩን ይነካካል። እሷ የጥቁሩ ጨርቅ ጫፍ ወልቆ ስላየች ምስማር ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ምስማሩን ከቆርቆሮው ስትፈልግ ከወደ ካሜራው ክርር የሚል ድምፅ ሰማች።

ሮጣ ወጣች፤ በዕድሜዋ የማይገባ ሩጫ።

«ምን አደረግህ?»

«አጠነጠንኩልሽ» አለ አናጢው፣ ጥሩ እንደሠራ ሰው ፈገግ ብሎ። «ድሮም ትረሺዋለሽ ብዬ ነው። ደህና አድርጌ አዞርኩልሽ።»

በዚህ ዘመድ ቤት ካልሆነ በቀር በየትም አገር ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው የፎቶ አንሺ ካሜራ አይነካም። የቀልዳቸው ፍሬ ነው። ማዞሪያው ደግሞ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አያውቅም፤ ውስጡ ያለው ጥርስ አይለቅም። ሾፌሩ ከነአገጩ ብቻውን ተጠቅልሎ ሄዷል።

«የተረገምክ!» አለች። «ሁለታችሁንም አንድ ላይ ላወጣ ነበር እኮ! እሱን አንስቼ፣ በልክ አዙሬ፣ አንተን አጠገቡ ላሳርፍ ነበር። ይሄው ድንበሩን በገዛ እጅህ ሠራህ። ግንብ ሳትሠራ ውለህ ማደር አትችልም?»

የአናጢው ፈገግታ ጠፋ። «አታለልሽኝ ማለት ነው።»

«ምን ብዬ አታለልኩህ? ብቻህን ትቀመጣለህ አልኩህ፤ ይሄው ብቻህን ነህ። እሱን ካሜራ ውስጥ አስገብቼዋለሁ እንጂ ክፍል ውስጥ አላስገባሁትም። ልትሄድ ከሆነ በሩ ያው። ለእናትህ ግን እኔ አልነግራትም፤ አንተ ራስህ ንገራት፣ አፍህ ሙሉ ነው።»

አናጢው ወደ በሩ ሁለቴ ተራመደ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት ያየው ያኔ ነው። የእርሳሱ መስመሮች አስቆሙት፤ የተሰመረ ነገር ሳያይ የሚያልፍ አናጢ የለም። አጎነበሰ። በአውራ ጣቱ ለካው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እናንተ ናችሁ። ይሄ የመጀመሪያው ልጅ ማለቂያ፣ ይሄ የሁለተኛው መጀመሪያ።»

«እና ይህችን ትንሿን ጣት ብቻ ነው የምታነባብሪው?»

«ምነው?»

«አትበቃማ!» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ፣ የጠብ ሳይሆን የሥራ ቦታ ድምፅ ሆነ። «ሁለት እንጨት ጫፍ ለጫፍ ከገጠምሽ የመጀመሪያው የተቀመጠበት ሰው ይለያየዋል። ካነባበርሽ በደንብ አነባብሪ። አውራ ጣት ይሁን።» እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወጣና አዲስ መስመር አሰመረ። ከዚያ ትዝ አለው መሰለኝ ቀና አለ። «ቆይ። ሲነባበር አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ነው። ማነው ከላይ?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«ብርሃን ነው እንጂ ጣውላ አይደለም። ፊልሙ ሁለታችሁንም እኩል ነው የሚጠጣው። ታላቅ ታናሽ አያውቅም። እሱም በአንተ ውስጥ ይታያል፣ አንተም በእሱ ውስጥ።»

አናጢው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየ። ወንበሩን ራሱ አነሳና ወደ መስኮቱ በኩል መልሶ አስቀመጠው፤ መጀመሪያ የሚነሳው በዚያ ጫፍ መሆኑን ከመስመሩ አንብቦታል። ተቀመጠ። «እሱ ሲመጣ ግን እኔ የለሁም» አለ።

«ማን ቁጭ ብለህ ጠብቅ አለህ?»

ጠቅ። አናጢው በጓዳው በር ወጣ። እሷም አዞረች፤ በአናጢው ልክ፣ አውራ ጣት አስቀርታ። ከዚያ ለሾፌሩ ስልክ ደወለች።

«ፎቶህ ተበላሽቷል፣ ና።»

«አላልኩም? አላጠነጠንሽም!»

«ተጠንጥኖ ነው የተበላሸው። ና ብዬሃለሁ።»

እያጉረመረመ መጣ። ገና ከበሩ ሲገባ እጁ ወደ ማዞሪያው ተዘረጋ። «አሁንስ እኔ ራሴ ነኝ የማጠነጥነው…»

የእጁ ጀርባ ላይ ያሳረፈችበት ጥፊ መንገድ ድረስ ተሰማ።

«አክስቴ!»

«ካሜራውን የነካ እጅ እቆርጣለሁ! ተቀመጥ!»

ወንበሩን ወደ በሩ በኩል አዛውራለት ነበር። ሾፌሩ ሊቀመጥ ብሎ ቀጥ አለ። መቀመጫው ላይ የእንጨት ብናኝ ነበር፤ ትኩስ፣ ገና የእንጨት ሽታ ያለው። በጣቱ ጠረገና ጣቱን አየ።

«ማን ነበር እዚህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ድመት ነበር፣ ንፋስ ነበር ይል ይሆናል። እሷ ግን በዚህ ዕድሜዋ ለእህቷ ልጅ ልትዋሽ?

«ወንድምህ። አሁን ካሜራው ውስጥ ነው ያለው፤ ግማሽ ቦታ ትቶልሃል። ከተቀመጥክ እናትህ ሁለታችሁን በአንድ ፊልም ታያለች። ካልተቀመጥክ እሱ አጠገቡ ጨለማ ይዞ ይወጣል፣ እሷም ያንኑ ጨለማ ይዛ ትቀመጣለች። እኔ አልለምንህም። ስለምን አይተኸኝም አታውቅም።»

ሾፌሩ ቁልፉን ጨብጦ ቆመ። ከንፈሩን ነከሰ። «እና ማነው ከላይ የሚሆነው?» አለ።

ፎቶ አንሺዋ ሳቋ አመለጣት። ለዘር ቆጠራ የሚመጣ ሰው ቢኖር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈልግም ነበር።

«ማንም ከላይ የለም። እኩል ናችሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቁጭ በል አንተ!»

ብናኙን አራገፈ፣ ከዚያ ትንሽ ቀረው፣ ተወው፣ ተቀመጠበት። ካሜራውን ሳይሆን ባዶውን ጎኑን አየና ድምፁን ቀንሶ ጠየቀ። «ጋሼ በየትኛው በኩል ነው?»

ጋሼ ማለቱን እሱ አልሰማውም። እሷ ሰምታለች፤ ግን ስንት ጊዜ አፏ ነገር ያበላሸባት ሴት ዛሬ ዋጠችው።

«በቀኝህ» አለች። «ወደ ቀኝህ ጠጋ በል።»

ጠጋ አለ። ጠቅ።

በማግስቱ ጨለማ ክፍሏ ገብታ ፊልሙን አጠበች። አውጥታ በብርሃን ላይ ዘረጋችው። ከላይ ሾፌሩ ብቻውን፣ የባከነው። ከእሱ ቀጥሎ አንድ ረጅም ፎቶ፣ ድንበር የሌለው። አናጢው በግራ፣ ሾፌሩ በቀኝ፣ ከኋላቸው አንድ ጥቁር። መሀል ላይ ትከሻቸው ተገናኝቶ አንድ ትከሻ ሆኗል፤ የአንዱ ኮት በሌላው ሸሚዝ ውስጥ ያልፋል። ፊታቸው አልተነካካም። አናጢው ያሰመረው ልክ ትክክል ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

የፎቶ ማጉያ መሣሪያዋ ለትልቅ ፊልም የተሠራ ነው፣ ቻለው። የመዝገብ ገጽ በሚያህል ወረቀት አትማ፣ አድርቃ፣ ለእህቷ ወሰደችላት።

እህቷ ፎቶውን ይዛ ወደ መስኮቷ ተጠጋች። ወደ ዓይኗ አቀረበችው፣ አራቀችው። መስኮቱ ላይ ግንብ እንጂ ሰማይ የለም።

«አይታየኝም» አለች። «ጥቁር ነው የሚታየኝ። አለቀልኝ ማለት ነው?»

«ዓይንሽ አይደለም እትዬ» አለች ታናሽ እህቷ። «ግንቡ ነው።»

እናትየዋ ወንበሯን በአንድ እጇ፣ ፎቶውን በሌላው ይዛ ተነሳች። ሊረዳት የመጣውን ሁሉ በክርኗ ገፋች። ግቢውን አቋርጣ፣ በሩን ከፍታ፣ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ወንበሯን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ፎቶውን ከፍ አደረገች። ጣቷ በትከሻው ላይ ሄደ፤ መጣ።

«ይሄ ትከሻ የማን ነው?»

«የሁለቱም።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ፣ ልጆቼ።»

አልተነሳችም። መንገደኛ ሲያልፍ ፎቶውን ታሳየዋለች። የማን ልጆች ናቸው ሲላት «የእኔ ናቸው፤ ያንን ግንብ የሠሩት» ትላለች። አናጢው ሰምቶ በግራ መጣ፣ ሾፌሩ በቀኝ።

«እማዬ፣ ሰው ያያል እኮ፣ ግቢ።»

«ገብቼ ምን ላይ? ሰማዬን ገንብታችሁበታል። እኔ ልጆቼን የማየው እዚህ ነው። ነገም እዚህ ነኝ። መስኮቴ እስኪበራ ድረስ እዚህ ነኝ፤ ዝናብ ከመጣም ጥላ አምጡልኝ!»

ሁለቱም በትከሻዋ ላይ አዘንብለው ፎቶውን አዩ። «እኔ ነኝ ከላይ» አለ አናጢው። «ምን አባክ… እኔ ነኝ እንጂ!» አለ ሾፌሩ። ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ትዝ አላቸውና ፊታቸውን አዞሩ። ፎቶ አንሺዋ ከበሩ ተደግፋ ታያቸው ነበር።

በነጋታው እናትየዋ ወንበሯን ይዛ ስትወጣ ከግቢው የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። አናጢው በራሱ በኩል ቆሞ የላይኛውን ረድፍ ይነቅላል። ሾፌሩ ይህን ሲያይ ሊበለጥ? መኪናውን አቁሞ ቀጣዩን ረድፍ ነቀለ። አናጢው ሌላ። ሲጨምሩ እንደተፎካከሩ ሲያፈርሱም ተፎካከሩ፤ ከመስኮቱ በታች ሲደርሱ ሁለቱም እኩል ደክመው ቆሙ። ወገብ የሚደርሰው ቀረ። ሰላምታ አልተለዋወጡም፤ ግን አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ማን እንደሆነ ያያል።

የመስኮቷ ብርሃን ከተመለሰ በኋላ እናትየዋ ራሷ ልትነሳ ፎቶ ቤት መጣች። ፀጉሯን አበጥራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተመቻቸች። ወደ ታናሽ እህቷ ዞረች፤ ልማድ ነውና።

«አንቺ ልጅ፣ አጠንጥነሻል?»

እማማ ድርብርብ ጣቷን ማዞሪያው ላይ አሳረፈች።

«የፈለግሁትን ያህል» አለች።